ሱሉልታ «ሥራልን፣ እዚሁ እደር» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እንዳትሸወዱ

ትናንት ማታ ነው ከሱሉልታ የገባሁት፣ እጄ ውሃ ቋጥሮ ስልክ መንካት ራሱ ያመኛል ግን ይሄን ሳልጽፍ እንቅልፍ አይወስደኝም። ያው ቴሌግራም ላይ የላም ፎቶ ለጥፎ «እኛ ጋ እንግዳ ሳይሆን ቤተሰብ ነህ» የሚለውን ዓይነት ሰውዬ ታውቁታላችሁ። ከሐዋሳ መጥቼ የአዲስ አበባ ፔንስዮን ኪሴን ሲያራቁተው፣ በዛ ላይ እግረ መንገዴን ደብረ ሊባኖስን አያለሁ ብዬ ዘልዬ ገባሁ። ውላችን የሰውዬው የላም እርባታ ላይ ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት ልሠራ፣ ማደሪያና ምግብ በነፃ።

የምን 2 ሰዓት! ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው የሚቀሰቅሱህ፣ ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ፣ እበት ዝቀህ ሳትጨርስ ወደ ድርቆሹ ትነዳለህ፣ ወሩ የድርቆሽ ነዋ (ማስታወቂያው ለምን ጥቅምት ላይ እንደወጣ አሁን ነው የገባኝ)። ማደሪያው የፉርሽካ መጋዘን ነው፣ አይጡም በነፃ። ምሳ ሽሮ፣ ማታ ሽሮ፣ አንድ ቀን ብርጭቆ ወተት ብጠይቅ «ለሽያጭ ነው» ተባልኩ፣ የጾም ቀን ሆኖ ወተቱ ገዢ አጥቶ እያለ!

ትናንት ካቦው ቢጫ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ ደብተር ይዞ የቀን ሠራተኞቹን ሲከፍል ስሜን ጠራ። እኔ ሞኙ ጉርሻ መሰለኝ፣ እጄን በሱሪዬ ጠርጌ ቀረብኩ እኮ! «አንተ 1,500 ብር አለብህ» አለኝ። የምን? አሞኝ 6 ሰዓት ላይ ያቆምኩባቸው 3 ቀናት፣ የአልጋና የምግብ በቀን 500። እንደ ውላችን የሠራሁባቸው ቀናት ማለት ነው! «ትቀልዳለህ» ስለው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፣ «መታወቂያህ ጋሼ ጋ ነው» ብሎ ቀጣዩን ጠራ። ጋሼ ማለት ባለቤቱ ነው፣ ከመኪናው ሳይወርድ መስኮቱን እስከ ግማሽ ዝቅ አድርጎ ሰማኝ። ዉፍ (WWOOF) የሚባል ነገር አለ አልኩት፣ እ.ኤ.አ. በ1971 እንግሊዝ የተጀመረ፣ እርሻ ላይ የተወሰነ ሰዓት ሠርተህ ታድራለህ፣ ገንዘብ መሃል አይገባም ምናምን፣ አዎ እበት እበት እየሸተትኩ ታሪክ አስተማርኩት። «አንተ ፈረንጅ ነህ?» አለኝ። «ፈረንጅ ለመዝናናት ነው የሚሠራው። አንተን ማደሪያ አጥተህ ነው ያስጠጋንህ።» መስኮቱ ተዘጋ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ፣ ከኔ ጋ አንድ ትሪ ላይ ሲበላ የከረመው ልጅ ጭምር።

በቴሌብር ከፈልኩ። 12 ቀን ሠርቼ፣ ከፍዬ ወጣሁ። ለእናቴ አልነገርኳትም፣ ስሄድ «አንተ ላም አጠገብ ቆመህ ታውቃለህ?» ብላኝ ነበር።

መታወቂያችሁን አታስይዙ፣ የሥራ ሰዓቱን በቴክስት አስጽፏቸው፣ በቃ ሌላ የምለው የለኝም።

ደግሞ ዛሬ ጠዋት አዲስ ማስታወቂያ ለጥፈዋል። ጥጃ አቅፎ የሚገለፍጠው ልጅ እኔ ነኝ፣ ፎቶውን የመጀመሪያው ቀን ራሴ ነኝ የላክሁላቸው።