ካይቶሳን፣ አልጂኔት ወይስ ባጋስ፦ ለፋብሪካ ፍሳሽ የሚስማማው የትኛው ነው?

ከባድ ብረታትን ከፍሳሽ የሚለቅሙ የተፈጥሮ ፖሊመሮችን (በረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት የተሠሩ ቁሶችን) ለመግዛት ሲጠይቁ ሻጩ አስቀድሞ የሚያሳየው አንድ ግራም ዕቃ ስንት ሚሊግራም ብረት እንደሚይዝ ነው። ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በቤተ ሙከራ፣ አንድ ብረት ብቻ በተሟሟበት ንጹሕ ውሃ ነው። በሞጆና በአቃቂ አካባቢ ካሉ ቆዳ ፋብሪካዎች የሚወጣው ፍሳሽ ግን ጨው፣ ስብ፣ ፕሮቲንና ሰልፌት የተቀላቀለበት ነው። እኔ ሦስቱን የማወዳድረው በቁጥሩ ሳይሆን በፍሳሹ ጠባይ ነው።

ወደ ምርጫው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ይታወቅ። በተለመደው የክሮም ማልፊያ ዘዴ ቆዳው የሚወስደው ከክሮሙ ከ60 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ነው፤ የቀረው ከውሃው ጋር ይወጣል። ይህን ሁሉ በለቃሚ ማጽዳት ገንዘብ ማባከን ነው። በመጀመሪያ በኖራ ወይም በማግኒዥየም ኦክሳይድ ፒኤቹን (የውሃውን የአሲድነት መለኪያ፤ 7 መካከለኛ፣ ከዚያ በታች አሲዳማ ነው) ወደ 8 ወይም 9 ከፍ አድርጎ ክሮሙን ማዝቀጥ ይገባል። ለቃሚው የሚያስፈልገው በውሃው ውስጥ ለሚቀሩት ጥቂት ሚሊግራሞች ነው። ሻጩ ባለሦስት ቫሌንስ ክሮምን (ለቆዳ ማልፊያ የሚያገለግለውን የክሮም ዓይነት) በፒኤች 7 ሞክሮ «ሁሉንም ያዘ» ካለዎት አይመኑት፤ በዚያ ፒኤች ክሮሙ ያለ ምንም ለቃሚ በራሱ ይዘቅጣል።

ካይቶሳን የሚሠራው ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት ነው። መዳብንና ሜርኩሪን አጥብቆ ይይዛል፤ ሶዲየምና ካልሲየም ብዙም አያደናቅፉትም። ውሃው አሲዳማ ሲሆን በሰንሰለቱ ላይ ያሉት አሚኖ የሚባሉ ናይትሮጅን ያዘሉ ቡድኖች አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስለሚይዙ አሉታዊ ሙል ያለውን ባለስድስት ቫሌንስ ክሮም ይስባሉ። ከሦስቱ ለክሮም ቅብ ወርክሾፖች የምመርጠው እርሱን ነው። ለቆዳ ፋብሪካ ግን አልመክረውም፤ በዚያ ያለው ክሮም በአብዛኛው ባለሦስት ቫሌንስና አዎንታዊ ስለሆነ አሲዳማ ውሃ ውስጥ ካይቶሳኑ ይገፋዋል። ሌላው ድክመቱ ፒኤች ከ6 በታች ሲወርድ ጥሬው ካይቶሳን በብዙ አሲዶች ውስጥ መሟሟቱ ነው። ስለዚህ ሰንሰለቶቹ በኬሚካል እርስ በርስ የተቆላለፉበትን ዓይነት ይጠይቁ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ከናሙናው ጥቂት ወስደው አቼቶ ውስጥ ያሳድሩት። ወደ ዝልግልግ ፈሳሽ ከተለወጠ አልተቆለፈም። ኢትዮጵያ የባሕር ምርት ስለሌላት ካይቶሳን በውጭ ምንዛሪ እንደሚመጣም ያስቡበት።

አልጂኔት ከቡናማ የባሕር አረም ይወጣል፤ በካልሲየም ረግቶ በእንክብል መልክ ይሸጣል። እርሳስን በመያዝ ብርቱ ነው፤ ፒኤቹ ከ4 እስከ 6 በሆነ፣ ጨው ባልበዛበት ፍሳሽ ለባትሪ ሠሪዎች ተስማሚ ነው። በጨዋማ ውሃ ግን ሶዲየሙ ካልሲየሙን እያስለቀቀ እንክብሉን ያሳብጠዋል፣ ያላላዋል። ቆዳ ደግሞ ፋብሪካ የሚገባው በጨው ተጠብቆ ነው።

ባጋስ፣ ማለትም ሸንኮራ አገዳ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ተረፈ ምርት፣ አገር ውስጥ በወንጂም በመተሐራም ያለ ሴሉሎስ ነው። ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ የስኳር ፋብሪካዎቹ ለቦይለር ማገዶ ያደርጉታል። ጥሬው የሚይዘው ብረት ትንሽ ነው፤ በዚያ ላይ ቀለምና ኦርጋኒክ ቆሻሻ ወደ ውሃው ይለቃል። በኮስቲክ ሶዳ ታጥቦ በሲትሪክ አሲድ ሲታከምና ሲሞቅ ግን ብረት የሚይዙ የካርቦክሲል ቡድኖች ይጨመሩበትና አቅሙ በግልጽ ከፍ ይላል። ጨው ቢያዳክመውም እንደ አልጂኔት አይፈርስም። ክሮሙን አስቀድሞ ላዘቀጠ ቆዳ ፋብሪካ ምርጫዬ ይህ ነው፤ የሚገዙት ግን የታከመውን ዓይነት ብቻ ይሁን፣ ፍሳሹ ወደሚያልፍበት፣ በለቃሚው ወደተሞላው አምድ ከመግባቱ በፊትም የውሃው ፒኤች ወደ 5 ገደማ ይውረድ።

ዋጋውን በኪሎ ሳይሆን በሚወጣው ብረት ያስሉት። ለምሳሌ በቀን 50 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ቢኖርዎትና ክሮሙን ከ5 ወደ 1 ሚሊግራም በሊትር ማውረድ ቢፈልጉ በቀን የሚለቀመው 200 ግራም ነው። በእርስዎ ፍሳሽ ተፈትኖ በኪሎ 10 ግራም የሚይዝ ዕቃ 20 ኪሎ ያስፈልጋል፤ 50 ግራም የሚይዘው 4 ኪሎ ይበቃዋል። ውድ የሆነው ዋጋው ከአምስት እጥፍ ካላለፈ በግዢ አይበለጥም፤ የሚጣለውም ዝቃጭ ያንሳል። አሲድ አጥቦ መልሶ መጠቀም ከተቻለ ደግሞ ስንት ዙር እንደሚቆይ በሒሳቡ ይግባ።

ብዙዎች የሚዘነጉት ያገለገለውን ዕቃ ነው። ክሮም የያዘ ባጋስ እንደ ተራ ማገዶ ከተቃጠለ ባለሦስት ቫሌንሱ ክሮም ካንሰር አምጪ ወደሆነው ባለስድስት ቫሌንስ ሊለወጥ ይችላል፤ አመዱም ዝናብ ሲመጣ ወደ ወንዝ ይወርዳል። በአቃቂ ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች ማሳቸውን የሚያጠጡት በዚያው ውሃ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም በካይን ከተፈቀደው ደረጃ በላይ መልቀቅን ይከለክላል።

ከመፈረምዎ በፊት ሻጩ የእርስዎን ፍሳሽ ወስዶ በትንሽ አምድ ለጥቂት ሳምንታት ይሞክርልዎት፤ የሚወጣው ውሃ በየቀኑ ይለካ። ያገለገለውን ማን እንደሚወስድና የት እንደሚያስወግድም በውሉ ላይ ይጻፍ።