አንዲ ሰርኪስ ያነበበው «ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ»፦ ጎለም መዳን ይችል ነበር?

የቶልኪን ልብ ወለድ በድምፅ ሲነበብ፣ ሦስቱም ክፍል አንድ ላይ ከ60 ሰዓት በላይ ነው። ከአያት ሜክሲኮ፣ ጠዋትና ማታ ታክሲ ውስጥ እየሰማሁ ሁለት ወር ተኩል ፈጀብኝ። ውጭ ያለው ወንድሜ ነው ገዝቶ የላከልኝ። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ቅጂ ነው፤ አንባቢው አንዲ ሰርኪስ፣ ፊልሙ ላይ ጎለምን ሆኖ የተወነው።

እውነቱን ለመናገር ያስገዛሁት ለጎለም ስል ነው፤ አስማተኛ ቀለበት ለዘመናት ይዞ ለተበላሸው ፍጡር። አላሳፈረኝም። ያ ከጉሮሮ የሚወጣ ማፏጨት፣ ያ ከራሱ ጋር መጨቃጨቅ፣ እንዳለ አለ። ችግሩ ሹክሹክታው ነው። ታክሲ ውስጥ ግማሹ በሞተር ድምፅ ይዋጣል። እንግሊዝኛውም የዱሮ ነውና እየመለስኩ የሰማሁት ብዙ ነው። ማታ አልጋ ላይ ሆናችሁ ብትሰሙት ይሻላል።

ግን አንድ ቦታ አለ፤ ለሷ ስል ነው ይህን የምጽፈው። ሁለተኛው ክፍል መጨረሻ አካባቢ፣ ጎለም ቀለበቱን እሳተ ገሞራ ውስጥ ጥለው ሊያጠፉ የሚሄዱትን ሁለት ሆቢቶች (ትንንሽ ሰዎች ናቸው)፣ ፍሮዶንና አገልጋዩን ሳምን፣ ለግዙፍ ሸረሪት ሊሰጣቸው ተንኮሉን ሸርቦ ሲመለስ ደረጃው ላይ ተኝተው ያገኛቸዋል። የፍሮዶ ራስ ሳም ጭን ላይ ነው። የጎለም ዓይን ብልጭታው ይጠፋል። ዕድሜ የተጫነው አንድ ደካማ ሽማግሌ ይሆናል። እጁን ይሰድና እየተንቀጠቀጠ የፍሮዶን ጉልበት ይነካል። አንድ ቃል አይናገርም፤ ያ ሁሉ ማፏጨት የለም፣ የምትሰሙት ተራኪውን ብቻ ነው። ሳም ይነቃል፣ ይሰድበዋል፣ አበቃ።

ፊልሙ ላይ ይህ የለም፤ በምትኩ ጎለም ሳምን በዳቦ ፍርፋሪ ሌባ የሚያስመስልበት ተንኮል ነው ያለው። ፊልሙን አምስት ጊዜ አይቼ «ይበለው» ስል የኖርኩት ለዚህ ይሆናል።

ቶልኪን ራሱ በ1963 በጻፈው ደብዳቤ ጉዳዩን አንስቶታል። ጎለም ያን ጊዜ ቢጸጸት እንኳ ቀለበቱን መስረቁ ወይም መንጠቁ አይቀርም ነበር ይላል። ከያዘው በኋላ ግን ለፍሮዶ ሲል ራሱን እሳቱ ውስጥ ይወረውር ነበር ብሎ ያስባል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። እሳተ ገሞራው ጫፍ ላይ ግን ጊዜው አልፏል። የፍሮዶን ጣት ከነቀለበቱ ነክሶ ቆርጦ፣ በደስታ ሲጨፍር አዳልጦት የወደቀ ሰው ለንስሐ የሚሆን ሰከንድ የለውም። ዕድሉ ደረጃው ላይ ነበረ።

ለእናቴ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር።

«ስንት ሰው ገደለ?» አለችኝ።

«ጓደኛውን። ለዚያውም በልደቱ ቀን፣ ለቀለበቱ ብሎ።»

«በላዔ ሰብእ 78 በልቶ የለም እንዴ? በጥርኝ ውኃ ነው የዳነው።» ትንሽ ቆየችና፣ «ግን እሱን በእመቤታችን ስም የለመነው ሰው ነበረ። ያንቺን ሰውዬ ማን ለመነው?»

ፍሮዶ አልኳት። ሌላው ብዙውን ጊዜ ጎለም ሲለው እሱ ስሚጎል እያለ በቀድሞ ስሙ ይጠራው ነበር። ግን ያው ፍሮዶ ነው አንድ ኩሬ ዳር ጠርቶ ለወታደሮች ያስያዘው። የስሚጎልን ሕይወት ለማትረፍ ነው፤ ቢሆንም ስሚጎል ይህን በምን ያውቃል? እናቴ ወደ ምስሯ ተመለሰች።

በሳም የሚፈርዱ ሰዎች አሉ። እኔ አልችልም። እንቅልፍ ያጣ፣ የተራበ፣ ጌታውን የሚጠብቅ ሰው ነው። ያን ቦታ መጀመሪያ የሰማሁት መገናኛ አካባቢ ተዘጋግቶብን ቆመን ነው። የጎለም እጅ ገና ጉልበቱ ላይ ሳለ የታክሲው ረዳት ከኋላ መጥቶ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ደንግጬ ጮኽኩበት፤ «ምን ትነካካለህ!» ታክሲው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ልጁ የያዘው የኔኑ መልስ ነበር፣ አምስት ብር።