በሁዳዴ ፒዛ የበተነብኝን ሳይት ላቃናልኝ ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። ይህን ምስጋና ለፋሲካ ማግስት ልጽፈው አስቤ ነበር፤ የሠርግ ሰሞን ገበያ ፋታ ነስቶኝ እስከዛሬ ቆየ። ረዘም ይላል፤ ሱቅ ያላችሁ፣ ሳይት ያሠራችሁ ወይም ልታሠሩ ያሰባችሁ ግን ታግሳችሁ አንብቡት።

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ እሸጣለሁ። ሱቋን የተረከብኳት ከእናቴ ነው። ከደንበኞቼ ግማሹ ውጭ ነው ያለው፤ ሜሪላንድ፣ ዱባይ፣ ፍራንክፈርት። በየቀኑ ፎቶ ለእያንዳንዱ መላክ ሲያታክተኝ አምና ሳይት አሠራሁ። ሳይቱ ከተከፈተ በኋላ አይታማም፣ ያምራል። ጉዱ ያለው ሳይከፈት ነው።

በደብረ ዘይት ሰሞን፣ ጾሙ እኩሌታው ላይ ሲደርስ፣ ለፋሲካ የደረሱትን ቀሚሶች ሊንክ በቤተሰብ የዋትስአፕ ግሩፕ፣ በቴሌግራም ቻናሌና በፌስቡክ ለቀቅሁት። ከሊንኩ ጋር የቀሚስ ፎቶ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ ፒዛ ወጣ። ያውም ሥጋና አይብ የሞላበት። ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ጀስት አናዘር ወርድፕረስ ሳይት» ይላል፤ «ያው እንደሌላው አንድ የወርድፕረስ ሳይት» እንደማለት ነው (ወርድፕረስ ሳይት የሚሠራበት ፕሮግራም ነው)። ሜሪላንድ ያለችው ታላቅ እህቴ «እግዚኦ! በሁዳዴ?» ብላ ጻፈች። የአጎቴ ልጅ «አንድ ትልቁን ያዢልኝ፣ ለፋሲካ እወስደዋለሁ» አለ። አክስቴ ግን ቀልድ አልመሰላትም፤ ደውላ ሥራ ቀይረሽ ነው ወይ አለችኝ።

ሳይቱን ወደሠራልኝ ሰው ደወልኩ፤ አያነሳም። መልእክት ላክሁ፤ አየውና ዝም አለ። በእሱ ላይ ብዙ አልናገርም፤ ለእኔ ሠርቶ የሄደ ሰው ነው። ሦስት ቀን ስብሰለሰል ከሰነበትሁ በኋላ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ጋቢ የምትሸጠው ጎረቤቴ «የልጄ ጓደኛ እንዲህ ያለውን ያውቃል» ብላ ደወለችልኝ። ልጁ የመጣው እንዲህ ነው።

በቀጠሮው ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ መጣ፤ ይህንንም እጽፋለሁ፣ ምስጋና ነው ብዬ አልደብቅም። ላፕቶፑን ከመክፈቱ በፊት የጠየቀኝ ስለ ፒዛው አልነበረም። «እትዬ፣ ሳይቱ በማን ኢሜል ነው የተመዘገበው?» አለኝ። እንጃ አልኩት። ለካ ሁሉም ነገር በቀድሞው ሰው ኢሜል ነበር። ጉግል ላይ የሳይቱ ባለቤት ሆኖ የሚታየውም እሱ ነው። አሁን የሥራ ሰው ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ እናንተም ዛሬውኑ ጠይቁ። ልጁ ሁሉንም በእኔ ኢሜል አዛውሮ፣ የይለፍ ቃሎቹን በወረቀት ጽፎ ሰጠኝና የራሱንም መግቢያ ሥራው ሲያልቅ እንድሰርዘው አሳየኝ። ልቤ የረጋው ያኔ ነው።

ቀጥሎ የፒዛውን ነገር አስረዳኝ። ማንኛውም ድረ ገጽ ራስጌ አለው። እኛ የምናየው ከራስጌው በታች ያለውን ነው፤ ራስጌውን የሚያነቡት ጉግል፣ ፌስቡክና ቴሌግራም የሚልኳቸው ፕሮግራሞች ናቸው። እዚያ ላይ አጫጭር መስመሮች ይቀመጣሉ፤ የገጹ ርዕስ ይህ ነው፣ ባጭሩ የሚያወራው ስለዚህ ነው፣ ሊንኩ ሲላክ የሚታየው ፎቶ ይህኛው ነው እያሉ የሚናገሩ። ሜታ ታግ የሚሉት ይህን ነው። ለሚላከው ሊንክ ፎቶና ርዕስ የሚሰጡት መስመሮች ኦፕን ግራፍ ይባላሉ፤ ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው አሠራር ሲሆን ዛሬ ዋትስአፑም ቴሌግራሙም ሊንክድኢኑም የሚያነቡት እሱኑ ነው። የእኔ ሳይት የተሠራው ለምግብ ቤት በተዘጋጀ ቴምፕሌት፣ ማለትም ዝግጁ የሳይት ንድፍ ላይ ነበር። ሰውየው የሚታየውን ሁሉ ቀይሮ፣ ራስጌው ላይ «ሲላክ የሚታይ ፎቶ» ተብሎ የተቀመጠውን ረስቶታል። ፒዛው ከመጀመሪያውም እዚያው ነበር።

ይህ የሚያስቀው ነው። የሚያስለቅሰው ቀጥሎ መጣ።

ልጁ ጉግል ላይ አንድ ነገር ጻፈ፤ እናንተም ሞክሩት። «ሳይት» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል (site) ጽፋችሁ፣ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ (:) አድርጋችሁ፣ ክፍተት ሳትተዉ የሳይታችሁን አድራሻ አስከትሉ። ጉግል የሚያውቃቸውን ገጾቻችሁን ያወጣላችኋል። የእኔ ባዶ ሆነ። አንድም ገጽ የለም! ወርድፕረስ ውስጥ እንደ ጉግል ያሉ የፍለጋ ሞተሮች ሳይቱን እንዳይመዘግቡት የሚጠይቅ ትንሽ ሳጥን አለ። ሳይቱ ገና እየተሠራ ሳለ ምልክት ይደረግበታል፣ ተገቢም ነው፤ ሲያልቅ ግን መነሳት አለበት። ማንም አላነሳውም። ራስጌዬ ላይ «ኖኢንዴክስ» የሚል መስመር ተቀምጦ ስምንት ወር ሙሉ ጉግልን «አትመዝግበኝ» ሲለው ከርሟል። በሩን ቆልፌ ውስጥ ተቀምጬ ገበያ ጠፋ እያልኩ አማርር ነበር ማለት ነው።

በዚያው ስምንት ወር ውስጥ ደግሞ ለሌላ ሰው «ኪወርድ»፣ ማለትም ሰው ጉግል ላይ ሲፈልግ የሚጽፋቸውን ቃላት ራስጌው ላይ እንዲያስገባልኝ ከፍያለሁ። ሁለት መቶ ያህል ቃላት ደርድሮ ነበር፤ ቀሚስ፣ ርካሽ ቀሚስ፣ ቆንጆ ቀሚስ፣ የአዲስ አበባ ቀሚስ። ልጁ ዝርዝሩን አይቶ ሳቁን ዋጥ አደረገ። የኪወርድ ሜታ ታግን በፍለጋ ውጤት ላይ ደረጃ ለመስጠት እንደማይጠቀምበት ጉግል እ.ኤ.አ. በ2009 በይፋ ተናግሯል። ገንዘቤን የከፈልኩት ሞቶ ለተቀበረ ነገር ነው። እባካችሁ «ኪወርድ ታግ አስገባላችኋለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ ቡና ጋብዛችሁ ሸኙት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የኮምፒውተር አልመሰለኝም። «ቴሌግራምዎን ይክፈቱ፤ ደንበኞች ሲጠይቁ የሚሉትን ያንብቡልኝ» አለ። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይጽፋል። «የመልስ ልብስ አለሽ?» «ለእናቴ የሚሆን መነን ፈልጊልኝ።» «ከነነጠላው ስንት ነው?» «በልኬ ይሰፋል?» የእኔ ሳይት ላይ እነዚህ ቃላት አንዱም በርዕስነት አልነበሩም። የመልስ ልብሶቹ ያሉበት ገጽ ርዕሱ «ኮሌክሽን 3» ነበር፤ የፊት ገጹ «ሆም» ይላል። ጉግል ላይ «ሆም» ብሎ ቀሚስ የሚፈልግ ማን ነው?

ራስጌው ላይ ስለ ገጹ ባጭሩ የሚናገረው የመግለጫ መስመርም በሁሉም ገጽ ላይ አንድ ዓይነት ነበር፤ «እንኳን ወደ ድረ ገጻችን በደህና መጡ። ጥራት መለያችን ነው።» ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበውና «እትዬ፣ አሁን ይህን ያነበበ ሰው ምን እንደሚሸጡ አወቀ?» አለኝ። ትንሽ ከፋኝ፤ ያንን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያንኑ ቀን ማታ ለመነን ገጹ ራሴ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «በእጅ የተሸመነ የመነን ቀሚስ ከነነጠላው። በልክዎ ተሰፍቶ በ10 ቀን ይደርሳል፤ ወደ ውጭም እንልካለን።» ሳይነካካ አስገባልኝ። ቅር ያሰኘኝ የሱቄን ስም ከርዕሱ መጀመሪያ አንስቶ መጨረሻ ላይ ማድረጉ ነበር። ምክንያቱን ነገረኝ፤ ጉግል ርዕስ የሚቆርጠው በፊደል ቆጠራ ሳይሆን በስክሪኑ ስፋት ነው፣ ስለዚህ የሚቆረጠው ኋላ ያለው ነው፣ የማያውቀኝ ሰው ደግሞ የሚፈልገው ቀሚሱን እንጂ ስሜን አይደለም። እናቴ ብትሰማ አትስማማም ነበር፤ እኔ ግን ተቀበልኩ።

በፊደል ነገርም ተከራክረናል። ሀበሻ፣ ሐበሻ፣ አበሻ፤ ሠርግ፣ ሰርግ። ሰው እንደመጣለት ነው የሚጽፈው። እኔ ሁሉንም ርዕሱ ላይ እንደርድራቸው አልኩ። እሱ እምቢ አለ፤ አንዱን ርዕሱ ላይ፣ ሌላውን ከታች በጽሁፉ ውስጥ በቦታው ሲመጣ ብቻ እንጠቀም፣ አለዚያ የሚያነበው ሰው ይሸሻል አለ። በእንግሊዝኛ ፊደል ለሚፈልጉት ደግሞ የእንግሊዝኛ ገጽ ለብቻው አዘጋጅቶ ሁለቱን ራስጌያቸው ላይ አስተዋወቃቸው። የገጾቹን አድራሻ በአማርኛ እናድርገው ብዬም ነበር፤ አንዱን ሊንክ ቀድቶ መልእክት ውስጥ ሲለጥፈው በፐርሰንት ምልክት የተሞላ ጅራት ሆነ። አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተሩ አጻጻፍ ሦስት ባይት ስለሚይዝ አድራሻ ውስጥ ሲገባ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል፤ «ቀሚስ» የምትለዋ ባለ ሦስት ፊደል ቃል ብቻዋን ሃያ ሰባት። አድራሻው በአጭር እንግሊዝኛ ፊደል ቀረ።

ፎቶው ከሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደብን ነው። ለሚላክ ሊንክ የሚመከረው መጠን 1200 በ630 ፒክስል ነው፤ ወደ ጎን የተዘረጋ። የሀበሻ ቀሚስ ግን ቁመት ነው። የቆመች ሴት ፎቶ እዚያ ውስጥ ሲገባ ከላይ አንገት፣ ከታች ጥለቱ ይቆረጣል። ጥለቱ ያልታየ ቀሚስ ማን ይገዛል? የእኛ ሙያ ያለው እዚያ ታች ጠርዙ ላይ ነው። ልጁ መጀመሪያ ግራና ቀኙን በነጭ ሞልቶ አሳየኝ፤ ቀሚሱ ስልክ ላይ ክብሪት እንጨት አከለ። ኋላ የሠራተኛዬን ልጅ በርጩማ ላይ አስቀምጠን፣ ቀሚሱን ወደ ጎን ዘርግተን፣ ጥለቱ መሃል ላይ እንዲወድቅ አድርገን አነሳናት። መሃል ያደረግነው አንዳንዱ ቦታ የፎቶውን ግራና ቀኝ ቆርጦ ጎኖቹ እኩል የሆኑ አራት ማዕዘን ስለሚያደርገው ነው። ፎቶ የምታነሱ ባለሙያዎች አትሳቁብን፣ በስልክ ነው ያነሳነው፤ ግን አምሯል።

ሁሉም ተስተካክሎ ሊንኩን ፌስቡክ ላይ ስለጥፈው ያው ፒዛ ተመልሶ መጣ። ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ለካ ፌስቡክም ቴሌግራምም አንድ ጊዜ ያነበቡትን ያስቀምጡታል። ለፌስቡክ «ሼሪንግ ዲበገር» የሚባል ነጻ ገጽ አለ፤ ሊንኩን አስገብቶ «ስክሬፕ አጌን» የሚለውን መጫን ነው። ለቴሌግራም ደግሞ «ዌብፔጅ ቦት» ለሚባለው ሊንኩን መላክ ብቻ። ሁለቱንም አሁን ራሴ ነው የማደርገው፤ አዲስ ፎቶ በቀየርኩ ቁጥር ሰው አልጠራም።

ገብር ኄር ሳይደርስ ሥራው አለቀ። ጉግል ለሳይት ባለቤቶች ባዘጋጀው ሰርች ኮንሶል በሚባል ገጽ በኩል ገጾቹ እንዲታዩ ጠየቀልኝ፣ ለሆሳዕና ሳምንት ያ ባዶ ሆኖብኝ የነበረው ፍለጋ ገጾቼን ማውጣት ጀመረ። «ከጉግል አገኘሁሽ» ያለችኝ የመጀመሪያ ደንበኛ ከፍራንክፈርት ናት፤ ለግንቦት ሠርግ የመልስ ልብስ አዘዘች።

አንድ ቀን ግን ተናድጄ ደወልኩለት። ጉግል ላይ ስፈልግ የወጣው መግለጫ እኔ የጻፍኩት አይደለም፤ ከገጹ መሃል ስለ ልኬት የሚያወራ ዓረፍተ ነገር ነው ያወጣው። ጉግል ሰውየው በጠየቀው መሠረት የተሻለ ነው ያለውን ከገጹ ራሱ ሊመርጥ ይችላል፣ ማስገደድ አይቻልም አለኝ። መግለጫው ደረጃ ከፍ እንደማያደርግም ያኔ ነው የነገረኝ፤ ጥቅሙ ያየው ሰው እንዲከፍተው ማድረጉ ነው። «አንደኛ ትሆኛለሽ» ብሎኝ አያውቅም። ሌሎቹ ሁሉ ብለውኛል።

ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ ብቻውን ነው የሚሠራው፣ ስልኩ ከተጨናነቀ የያዘውን ሥራ ያበላሻል። ሳይት ያላችሁ፣ ሊንካችሁ ሲላክ ያለ ፎቶ የሚወጣ ወይም እንደኔ ጉድ ይዞ የሚወጣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አገናኛችኋለሁ። ዋጋ ከራሱ ጋር ተነጋገሩ፤ ለእኔ ያስከፈለኝ ለዚያ የኪወርድ ዝርዝር ከከፈልኩት ያነሰ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ ከምትፈልጉት ሰዓት አስቀድማችሁ ያዙ። ማታ ስልክ አያነሳም፤ ጽሁፍ ላኩለት፣ ጠዋት ይመልሳል።

ዋትስአፕ ላይ ያለውን ፒዛ ግን እሱም ሊያነሳልኝ አልቻለም። እዚያ ፎቶውን የሚያዘጋጀው የላኪው ስልክ ራሱ ስለሆነ የተላከው እንደተላከ ይቀራል፣ እኔም ለመሰረዝ ሳስብ ጊዜው አልፎ ነበር። አሁንም ቤተሰብ ግሩፑ ውስጥ አለ። የአጎቴ ልጅ በሳምንት አንዴ መልእክቷን ወደ ላይ ይስባትና «ትዕዛዜ የት ደረሰ?» ይለኛል።