«ከነሱቁ» የሚሸጥ ኮንዶሚኒየም፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ ምድር ላይ ያለ የኮንዶሚኒየም ቤት «ከነሱቁ»፣ «ከነሰርቪሱ» ወይም «ከነተጨማሪ ክፍሉ» ተብሎ ከቀረበላችሁ ቀብድ ለመክፈል አትቸኩሉ። እኔ ቸኩዬ ለአንዲት ክፍል 650 ሺህ ብር ከፍያለሁ። ክፍሏ ዛሬ የለችም፤ ገንዘቡም አልተመለሰም።

ቤቱ ባለሁለት መኝታ ነው፤ በከተማዋ ምሥራቅ ጫፍ ካሉት ሰፋፊ ሳይቶች በአንዱ ውስጥ ይገኛል። ከሳሎኑ መስኮት አጠገብ ሦስት ሜትር በአራት የምትሆን፣ በብሎኬት የተሠራች፣ ቆርቆሮ የለበሰች ክፍል ተለጥፋ ነበር። የብረት በሯ ወደ መንገዱ ይከፈታል። ደላላው «እህቴ፣ ይቺ ሱቅ ብቻዋን በወር አሥራ ሁለት ሺህ ታስገባልሻለች» አለኝ። እኔ ኪራዩን አላሰብኩም። እናቴ አብራኝ ትኖራለች፤ እንጀራ እየጋገረች መሸጥ ትፈልጋለችና ምጣዷ የሚቀመጥበት ጥግ ወዲያው ታየኝ። የክፍሏ ግድግዳ ትኩስ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ብሎኩን በሙሉ ፀሐይና ዝናብ አደብዝዞታል፤ እሷ ብቻ እንደ ሙሽራ ታበራለች። ሻጩ ቤቱን የሚንከባከብ ሰው ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከቀለሙ ሥር ምን እንደነበረ የሰማሁት ከስምንት ወር በኋላ ነው።

ዋጋው ለሁለት ተከፍሎ ቀረበልኝ፦ ቤቱ 3 ሚሊዮን 900 ሺህ፣ ክፍሏ 650 ሺህ። የቤቱን ሽያጭ ውልና ማስረጃ ሄደን ተፈራረምን። የክፍሏን ግን ደላላው ካፌ ውስጥ በእጁ ጻፈና ሁለት ምስክሮች አስፈርሞ ሰጠኝ። በአንድ ውል ለምን አይጠቃለልም ብዬ ስጠይቅ «ክፍያው እንዳይበዛብሽ ብዬ ነው» አለኝ። ያዘነልኝ መስሎኝ አመሰገንኩት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የተባለው ለእኔ ሳይሆን አይቀርም።

እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። ውልና ማስረጃ ሽያጩን የሚያረጋግጠው በካርታው መሠረት ነው። የኮንዶሚኒየም ካርታ ላይ የብሎኩ ቁጥር፣ የቤቱ ቁጥር፣ ወለሉና ስፋቱ ተጽፏል። ክፍሏ እዚያ ላይ የለችም፤ ስለዚህ በዋናው ውል ውስጥ ልትገባ አትችልም። እንግዲህ ለሻጩ ማቅረብ ያለባችሁ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይህችን ክፍል በዋናው ውል ውስጥ ጻፍልኝ።» መጻፍ ካልቻለ የሚሸጠው የራሱን አይደለም። የካፌው ወረቀት ደግሞ ለክርክር የሚረዳው ሻጩን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዛል። ሁለት ምስክርና አንድ ማኪያቶ አይበቃም።

ጠበቃ ዘንድ የሄድኩት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያሳዩኝ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995ን ነው። አዋጁ የጋራ ሕንፃ የሚለው አምስትና ከዚያ በላይ በተናጠል የተያዙ ቤቶች ያሉትን ሕንፃ ሲሆን፣ ሕንፃው ያረፈበትን ይዞታም ይጨምራል። ከየግል ቤቶቹ ውጭ ያለው ነገር ሁሉ የጋራ ነው። ደረጃው፣ ጣሪያው፣ የፍሳሽ መስመሩ፣ ከመስኮቴ ሥር ያለችው ቁራሽ መሬት ጭምር የብሎኩ ነዋሪዎች ሁሉ ናቸው። ሻጩ አራተኛ ፎቅ ላይ ያሉትን እናት ንብረት ነው ለእኔ የሸጠልኝ፤ እሳቸው ግን አንድ ሳንቲም አልደረሳቸውም። በዚያ ላይ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከወጣ ጀምሮ ያለ ግንባታ ፈቃድ መገንባትም ሆነ የነበረውን መለወጥ ክልክል ነው። ለክፍሏ ፈቃድ ያወጣ ሰው አልነበረም፤ ሊያወጣም አይችልም ነበር።

ስለ እኒህ እናት ላቆይላችሁ አልፈልግም። ገብቼ ሁለት ሳምንት እንኳን ሳይሞላኝ ደረጃው ላይ አግኝተውኝ «ልጄ፣ ያቺን ቤት አንቺም ገዛሻት?» አሉኝ። «አንቺም» ያሉት ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ስንት ጊዜ ራሴን ወቅሻለሁ! ነገሩ ይህ ነው፦ ክፍሏ የተሠራችው የብሎኩ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ላይ ነበር። ወለሉን ሴራሚክ ሲያነጥፉ ክዳኑን ደፍነውታል። ከላይ ካሉት አራት ፎቆች የሚወርደው ሁሉ በዚያ ነው የሚያልፈው። መስመሩ ሲዘጋ መምጠጫ መኪናው ይመጣል፤ ቱቦውን የሚያስገባበት ግን አያገኝም። ቆሻሻው ወደ ላይ ተመልሶ በአንደኛ ፎቅ ሰዎች መታጠቢያ ቤት ይወጣል። ነዋሪዎቹ ከእኔ በፊት ዓመት ሙሉ አቤት ሲሉ ኖረዋል። በሳይቶቹ ዲዛይን በብሎክ ዙሪያ ባዶ ቦታ የተተወው ለጌጥ አይደለም፤ ጉድጓዱ እንዲከፈት፣ የእሳት አደጋ መኪና እንዲጠጋ፣ ምድር ቤት ያለው ሰው ብርሃን እንዲያገኝ ነው። የሚያስቀው ደግሞ እንጀራ መጋገሪያና በግ ማረጃ እንዲሆን ተብሎ በየሳይቱ የተሠራ የጋራ ሕንፃ መኖሩ ነው። በእኛ ሳይት ለመጋዘን ተከራይቷል፤ እናቴ መጋገሪያ ያጣችው በዚህ የተነሳ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ደንብ አስከባሪዎች መጡና የክፍሏ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የኤክስ ምልክት አደረጉ። ከመካከላቸው አንዱ ግድግዳውን በጣቱ ፍቆ «ይሄ እኮ ከዚህ በፊትም ተቀብቷል» አለ። እውነትም ከነጩ ቀለም ሥር አሮጌው ቀይ ወጣ። ሻጩ ማስጠንቀቂያው ደርሶት፣ ምልክቱን ቀለም ቀብቶበት ነው ለእኔ ያስረከበኝ። ሰባት ቀን ተሰጠኝ። አቤቱታ ይዤ ወረዳ ስሄድ ባለሙያው ካርታዬን አይቶ «ክፍሏ የት አለች?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። በስምንተኛው ቀን ፈረሰች። ብሎኬቱንና ፍርስራሹን ያስነሳሁት ደግሞ በራሴ ወጪ ነው።

ደላላ የሚያቀርብላችሁን ማስረጃ አሁን ሁሉንም አውቀዋለሁ። «ግብር ይከፈልበታል» ይላል፤ ግብር የሚከፈለው ለንግዱ ነው፣ የግብር ደረሰኝ ይዞታ አያረጋግጥም። የንግድ ፈቃድም ግድግዳውን ሕጋዊ አያደርገውም። «የራሱ መብራት አለው» ላለኝ ደግሞ ገመዱን ተከትዬ ብሄድ ኖሮ ከሳሎኔ ሶኬት ላይ አገኘው ነበር። ከሁሉ የሚያሳስተው ማኅተም ያለበት የማህበር ደብዳቤ ነው፦ «የሕንፃው ባለቤቶች ማህበር ተቃውሞ የለውም» ይላል። እኔም ተሰጥቶኛል። ማህበሩ የጋራውን ንብረት ያስተዳድራል እንጂ ቆርሶ ለአንድ ሰው አይሰጥም፤ የግንባታ ፈቃድም የሚሰጥ አካል አይደለም። ፈራሚው ሊቀመንበር ዛሬ «እኔ ተቃውሞ የለንም አልኩ እንጂ ሥሪ አላልኩም» ይለኛል። ቃል በቃል ካየነው አልዋሸም። «ሁሉም ሠርቷል እኮ» ለሚለውማ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ከማለት ሌላ ምን እላለሁ? በእኛ መስመር ስድስት እንዲህ ያሉ ክፍሎች ነበሩ፤ ስድስቱም በአንድ ሳምንት ፈርሰዋል።

ለመግዛት ያሰባችሁ ሰዎች የካርታውን ቅጂ ይዛችሁ ሜትር ግዙና ቤቱን ለኩ። ካርታው ላይ ካለው ስፋት የበለጠ ካገኛችሁ ትርፉ የእናንተ አይደለም። ሊቀመንበሩን ትታችሁ ከላይ ፎቅ የሚኖሩትን ሰዎች አናግሩ፤ የሚሸጥላችሁን ነገር ጉድለት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ወረዳው ሄዳችሁ በዚያ ብሎክ ላይ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ እንዳለ ጠይቁ። ቀብድን በተመለከተ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ግልጽ ነው፦ ቀብድ ከፋዩ ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ከተወ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ በቀብድ ወረቀቱ ላይ «የሚሸጠው ቤት በሙሉ በካርታው ላይ ያለ ነው፤ ከዚህ ውጭ የተገኘ ግንባታ ካለ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገቡ። ሻጩ ፊቱን ካጠቆረ ሜትሩን ጠቅልላችሁ ሂዱ።

ውጭ አገር ሆናችሁ በውክልና የምትገዙ ወገኖች የበለጠ ተጠንቀቁ። በስልክ የሚላክ ቪዲዮ ላይ አዲስ ቀለም ያምራል፤ የጉድጓድ ሽታ ግን አይታይም። የሪል እስቴት ቪላ ለምትገዙም ነገሩ ያው ነው። ሰርቪስ ቤቱ፣ የዘበኛ ቤቱና ጣሪያው ላይ የተጨመረው ክፍል በጸደቀው ፕላን ላይ መኖራቸውን እዩ። ቪላው ሕጋዊ መሆኑ ጓሮውን ሕጋዊ አያደርገውም።

እኔ አሁን ክስ መሥርቻለሁ። ጠበቃዬ የያዙት ክርክር የክፍሏ ውል ሕግ የማያውቀው ስለሆነ ፈራሽ ይሁን፣ ገንዘቡም ይመለስ የሚል ነው። ዕድል ሆኖ 650 ሺውን የከፈልኩት በባንክ ነው። ዕድል ሲያልቅብኝ ደግሞ የክፍያ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «ለቤት ግዢ» ብዬ ጽፌያለሁ። ሻጩ ይህን ይዞ «የቤቱ ዋጋ አካል ነው፣ ቤቱን አስረክቤያለሁ» ይላል። እናንተ ብር ስታስተላልፉ ለምን እንደሆነ በዝርዝር ጻፉ።

ይህን ዛሬ እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው ሳምንት ያየሁት ነገር ነው። ያው ደላላ በዚያው ሳይት፣ ከእኛ ሁለት ብሎክ አልፎ ያለ ቤት በስልክ ለሰው ሁሉ እየላከ ነው። «ግራውንድ፣ ባለሁለት መኝታ፣ ከነሱቁ» ይላል። ፎቶው ላይ ብሎኩ ደብዝዟል፤ ሱቁ ግን ነጭ ቀለም ተቀብቷል።