የምጣዱን መስመር ያስተካከሉልን የኤሌክትሪክ ባለሙያ (ሐዋሳ፣ አቶቴ)

አቶቴ ካለው የኤሌክትሪክ ጥገና ቤት የመጡልን ባለሙያ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰው ናቸው። የተከራየነው ቤት ውስጥ ምጣዱ እጅ ሲነካው ይነዝራል፤ እንጀራ በጋገርኩ ቁጥር ሶኬቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። መስመሩን የዘረጋው ቀለም ሊቀባ መጥቶ «ኤሌክትሪክም እችላለሁ» ያለ ልጅ ነው አሉ።

እሳቸው መጀመሪያ ዋናውን ብሬከር አጠፉ፤ መጥፋቱንም በቴስተር አረጋገጡ። ስካቶላው (ሽቦዎቹ የሚገናኙበት የግድግዳ ሳጥን) ሲከፈት የሽቦው መጋጠሚያ በፌስታል ተጠቅልሏል፤ ናስትሮ (የኤሌክትሪክ ፕላስተር) እንኳን የለውም። ፌስታሉ ቀልጦ መዳቡ ላይ ተጣብቋል። ልጆቼ የሚተኙት እዚያው ግድግዳ ሥር ስለሆነ ሳየው ሰውነቴ ራደ።

3500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። የተዘረጋለት ግን ለአምፖል የሚሆን 1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው) ቀጭን ሽቦ ነበር፤ ብሬከሩ ደግሞ ባለ 32 አምፔር ስለሆነ ሽቦው ቢግልም ወርዶ መብራቱን አያቋርጥም። «ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው» አሉኝ። ባለ 4 ካሬ ሽቦ ዘርግተው፣ ለምጣዱ ለብቻው ባለ 20 ብሬከር አስገቡለት። ጨርሶ ያልነበረውን የመሬት መስመርም (ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበትን ሽቦ) ሠሩ። አሁን አይነዝርም።

ዋጋቸው ሰፈር ለሰፈር ከሚዞሩት ይወደዳል። በቀጠሯቸውም ሰዓት አልመጡም፤ ይህን ቢያሻሽሉ ደስ ይለኛል። ዕቃውን ግን ከነደረሰኙ አስረክበውኛል፣ የተረፈውን ሽቦም መልሰዋል። የጎረቤቴንም ቤት የሠራው ያው ልጅ ስለሆነ በሚቀጥለው ሳምንት እሷ ጋ ይገባሉ።