የጸጉር መጽሐፍ ልትገዙ ስትሉ፦ የቱን፣ በስንት፣ ከማን

ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው እንዳለ ከተሰማ ስልኬ እረፍት የለውም። «ለጸጉሬ የሚሆን መጽሐፍ ላኪልኝ» ይሉኛል፤ «የቱን?» ስል «አንቺ የምታውቂውን» ነው መልሱ። እዚሁ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሴት ልጅ የሚያሳድጉ ጓደኞቼም የሚጠይቁኝ ያንኑ ስለሆነ አንዴ ጽፌው ልገላገል። አንድ መጽሐፍ ብቻ የምትገዙ ከሆነ የኦድሪ ዴቪስ-ሲቫሶቲን «ዘ ሳይንስ ኦፍ ብላክ ሄር» ግዙ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ነው። ለሁለት የሚሆን ገንዘብ ካላችሁ የኒኪ ዋልተንን «ቤተር ዛን ጉድ ሄር» ጨምሩበት። ሁሉም ሰው የሚያወራለትን የሎሬን ማሴን «ከርሊ ገርል» ግን፣ ጸጉራችሁ ከርዳዳ ከሆነ፣ ተዋሱት እንጂ አትግዙት።

ወደ ዋጋው ልግባ። ያገለገለ «ከርሊ ገርል» በ5 ዶላር ገዝቻለሁ፤ «ቤተር ዛን ጉድ ሄር»ን በ8። «ዘ ሳይንስ» ግን ያገለገለው እንኳ ከ15 ዶላር ሲወርድ አላየሁም፣ አዲሱን የገዛሁት ደግሞ ከ20 በላይ ነው። ሰው በ5 ዶላሩ ቢሳብ አይፈረድበትም። አዲስ አበባ ላይ ሆናችሁ ስታሰሉት ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። በፖስታ ቢላክ መላኪያው ከመጽሐፉ ዋጋ ይበልጣል። በሰው እጅ ቢላክ ደግሞ ከተጓዡ የ23 ኪሎ ሻንጣ ላይ ግማሽ ኪሎ ገደማ መለመን አለ፤ ለርካሹም ለውዱም የሚለመነው ልመና እና የሚያዘው ይሉኝታ ያው ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ 20 ዶላር ከ2 ሺህ ብር በላይ መሆኑን ታውቁታላችሁ። ይህን ያህል ተደክሞ የሚመጣው ለናንተ ጸጉር ያልተጻፈ መጽሐፍ ከሆነ 5ቱ ዶላርም ብዙ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት በሰፈራችሁ ያለውን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። አጠገባችሁ ያለው ቅርንጫፍ ባይኖረው ከሌላው ያስመጣላችኋል፣ በነጻ። የሜሪላንድ ሰዎች ደግሞ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ቤተ መጻሕፍት ወዳጆች የሚባለው ማኅበር በሮክቪል እና በዊተን ያሉትን የአሮጌ መጽሐፍ ሱቆች ብቅ እያላችሁ እዩ፤ የፈለጉትን በቀጠሮ የሚያገኙበት ቦታ ግን አይደለም፣ ዕድል ነው።

አሁን ከዋጋው በላይ ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ከሚሸጥ ሰው 700 ብር ከፍላ «ዘ ሳይንስ ኦፍ ብላክ ሄር»ን አስመጣች። የመጣላት በጥቅልል ሽቦ የታሰረ ፎቶኮፒ ነው። ሠንጠረዦቹ ቀኝ ዳራቸው ተቆርጧል፤ የንጥረ ነገሩ ስም አለ፣ ለምን እንደሚሆን የሚናገረው ዓምድ የለም። ሥዕሎቹ ጥቁር ቀለም የፈሰሰባቸው ይመስላሉ። ከኋላ ያለው የቃላት ማውጫም አልተባዛም፤ ለወረቀት ሲቆጥቡ ይሆናል። ይህ መጽሐፍ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚነበብ ልብ ወለድ አይደለም፤ ጸጉር በተሰባበረ ቁጥር፣ አዲስ ቅባት በተገዛ ቁጥር የሚገለጥ ነው። ማውጫ ከሌለው ግማሹ እንደሌለ ቁጠሩት። በ700 ብር የተገዛው ግማሽ መጽሐፍ ነው ማለት ነው፤ የደራሲዋ ድካም መሰረቁ ሳይነሳ።

ሌላው ዓይነት የባሰ ነው። ስሙ ከታወቁት መጻሕፍት ጋር እንዲምታታ ተደርጎ የተሰየመ፣ 40 እና 50 ገጽ የማይሞላ፣ በኢንተርኔት የሚሸጥ ቡክሌት። የደራሲው ማንነት አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈበትም፣ አንዱ ምዕራፍ የሌላው ድግግሞሽ ነው፣ ሽፋኑ ላይ ግን «በ30 ቀን ወገብ የሚደርስ ጸጉር» ዓይነት ተስፋ አለ። የሰው ጸጉር በአማካይ በወር ከ1 ሴንቲሜትር ትንሽ በልጦ ቢያድግ ነው፤ የእኛ ዓይነቱ ከዚያም ትንሽ ያነሰ። ይህን የሚለውጥ መጽሐፍ አልተጻፈም። የወር ተስፋ የሰጣችሁን ሳትገልጡት መልሱት።

«ዘ ሳይንስ»ን ለምን እንዲህ እንደምሟገትለት ልናገር። «ጸጉሬ አያድግም» የምትል ሴት ሁሉ ጸጉሯ እያደገ ነው፤ ያደገው ያህል ከጫፉ እየተሰበረ ነው እንጂ። ከርዳዳ ጸጉር በተጠማዘዘበት ቦታ ሁሉ ደካማ ነው፤ ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝም ጥምዝምዙን አልፎ ጫፍ ድረስ አይወርድም። መጽሐፉ የሚነሳው ከዚህ ነው። ከዚያ ወደ ፕሮቲን እና ወደ እርጥበት ሚዛን ይገባል፦ እርጥብ የጸጉር ዘለላ ሲሳብ ተለጥጦ ተለጥጦ ካልተመለሰ ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ገና ሳይለጠጥ ቀጭ ካለ እርጥበት ነው የጠማው። ይህን የምታውቅ ሴት ጸጉር ቤት ገብታ «ትሪትመንት ያስፈልግሻል» ስትባል «የምን ትሪትመንት?» ብላ ትጠይቃለች። እኔ በበኩሌ ለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ 20 ዶላር እከፍላለሁ።

ምክንያቱን የሚያስረዳ መጽሐፍ ሌላም ጥቅም አለው። የትኛውም የአሜሪካ መጽሐፍ ስለ ለጋ ቅቤ አይነግራችሁም። «ከርሊ ገርል» ሻምፖን አስቀርታችሁ በኮንዲሽነር ብቻ እንድትታጠቡ ይመክራል። ቅዳሜ ቅቤ ተቀብታችሁ ሻሽ አስራችሁ አድራችሁ እሑድ ጠዋት በኮንዲሽነር ብቻ ሞክሩትና የሚሆነውን እዩ። አይወጣም። ሰኞ ቢሮ የሚሸተው ይቅርና፣ ፎረፎር ያለበት ሰው ቅባት ራሱ ላይ ሲከርም ይብስበታል። በሌላ በኩል ደግሞ ቅቤውን ለማስለቀቅ ብለን የምናነሳው ደረቅ ሳሙና አለ። የራስ ቆዳ ትንሽ አሲድነት ያለው ነው፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 5.5 አካባቢ፤ ደረቅ ሳሙና 9 እና 10 ይደርሳል። የጸጉሩን ቅርፊት ይከፍተዋል፣ ያሻክረዋል፣ ከዚያ ማበጠሪያ ሲገባበት መሰባበር ነው። «ዘ ሳይንስ» የፒኤችን ነገር ስለሚያስረዳ መካከለኛውን መንገድ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ፦ ቅቤውን ልከኛ ሻምፖ ያስለቅቀው፣ ኮንዲሽነሩ ኋላ ይከተል። የምርት ስም የሚደረድር መጽሐፍ ይህን አያስተምርም። ምርቱ መርካቶ ካልተገኘ፣ ወይም ፋብሪካው ቅመሙን ከቀየረው፣ ገጹ ሞተ።

ፐርም ላይ ላላችሁም ይሆናል። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት ሪላክሰር እና «ኖ ላይ» (no-lye) የሚባለው፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የሌለበት፣ በምን እንደሚለያዩ፣ ፐርሙን እየተዉ ናቹራል ለማሳደግ ሁለቱ ዓይነት ጸጉር በሚገናኙበት መስመር ላይ ለምን እንደሚሰበር ይዟል። ጉድለቱ እንግሊዝኛው ነው። ይከብዳል፣ የኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ የገባችሁ ይመስላችኋል። ሃያ ገጽ ላይ ያቆሙት ጓደኞች አሉኝ።

ለነሱ ነው «ቤተር ዛን ጉድ ሄር»ን የምልከው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው፣ ከኤርኔሳ ካርተር ጋር የተጻፈ፤ ኒኪ ዋልተን ሳይኮቴራፒስት ናት፣ አጻጻፏም ጓደኛ ቡና ላይ እንደምታወራው ነው። ፐርም ቆርጣችሁ መስታወት ፊት የምታለቅሱበት ሳምንት ላይ «ዘ ሳይንስ» ምንም አይላችሁም፤ ይቺ ግን ትላለች። ቤት ውስጥ የሚዘጋጁ ውህዶች አሏት፤ ለመሞከሩ ደግሞ እሬት፣ ተልባ እና ጉሎ ዘይት አዲስ አበባ ከአሜሪካ ይልቅ በርካሽ ይገኛሉ። ከወጣች ከአሥር ዓመት በላይ ስለሆነ የሚገዙ ምርቶች የተጠቀሱበትን ቦታ እለፉት።

«ከርሊ ገርል» ፎቶዎቹ ያምራሉ፤ የ2011ዱ እትም ከዲቪዲ ጋር ነው የወጣው፣ ያገለገለ ስትገዙ ዲቪዲው ጎደለ ብላችሁ ዋጋ ማስቀነስ ይቻላል። ጥቅልል ጥቅልል የሚል ልል ጸጉር ያላት ልጅ ካለቻችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። ለከርዳዳው የሰጠው ቦታ ግን ትንሽ ነው። (በአንድ ቤት የእናት ልጆች አንዷ ዞማ አንዷ ከርዳዳ በሚሆኑበት አገር፣ መጽሐፉ ለየትኛዋ እንደሚገዛ ሳይነጋገሩ መላክ ጸብ ያመጣል።)

አያና በርድ እና ሎሪ ታርፕስ የጻፉትን «ሄር ስቶሪ»ን የእንክብካቤ መጽሐፍ መስሏቸው ያስመጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። ግሩም መጽሐፍ ነው፣ ግን የጥቁር አሜሪካውያን ጸጉር ታሪክ ነው፤ ማበጠሪያ አያሲዛችሁም። ሹሩባ ቤት ልትከፍቱ የምታስቡ ደግሞ ከላይ ያሉትን ሁሉ ትታችሁ የውበት ሙያ መማሪያ አሳታሚው ሚላዲ ለናቹራል ጸጉር እና ለሹሩባ ሙያ ያዘጋጀውን የትምህርት ቤት መጽሐፍ ፈልጉ። ዋጋው ከሌሎቹ ብዙ እጥፍ ነው፤ ያለፈው እትም ያገለገለ ቢገኝ ይበቃችኋል።

በሰው ስታስልኩ ስሙን በቃል አትንገሩ። የሽፋኑን ፎቶ ከደራሲዋ ስም ጋር ላኩለት፣ ከሽፋኑ ጀርባ ያለውን የአይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ) ቁጥርም ጨምሩበት። «የጸጉር ሳይንስ የሚል ነው» ተብሎ የተላከ አንድ ወንድም ስለ ራሰ በራነት ሕክምና የሚያወራ መጽሐፍ ገዝቶ መጥቷል፤ 23 ዶላር ከፍሎ።