ለጎንደር የሳይንስ መምህራን ጥቆማ፦ የደመና ፊዚክስ የምታሠለጥን ተማሪ

በከተማችን ያላችሁ የፊዚክስና የጂኦግራፊ መምህራን፣ የሳይንስ ክበብ የምትመሩም ሁሉ፣ ይህች ልጅ አታምልጣችሁ። የሜትሮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ናት። የመመረቂያ ጥናቷ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ በብርድ ወራት በሚነሣው የበረዶ ማዕበል ውስጥ ጠብታና የበረዶ ክሪስታል እንዴት እንደሚያድጉ ይመረምራል። ለዕረፍት ጎንደር ስትመጣ በትምህርት ቤቶች ሥልጠና ትሰጣለች። ላደረገችልን ሁሉ ከልብ እናመሰግናታለን፤ ስሟ እንዳይጻፍ ስለፈለገች ትተነዋል።

«የአሜሪካ በረዶ ለእኛ ምን ይጠቅማል?» የሚል ካለ፣ መልሱ ከራሳችን በላይ ነው። በክረምት በእኛ ሰማይ ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው ከባሕር ወለል በላይ 5,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለምትገኝ ከጣሪያችን እስከዚያ ያለው ርቀት 3 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የሐምሌ ነጎድጓዳማ ደመና ያንን አልፎ ብዙ ኪሎ ሜትር ሽቅብ ይወጣል፤ የላይኛው ክፍሉ በረዶ የሚሠራበት ሕግም ያው ነው። ከእኛም ከፍ በሚሉት በወገራና በዳባት የሚወርደው በረዶ ለመቅለጥ ጊዜ ስለሚያጥረው ገብሱን ይመታዋል።

ከሥልጠናዋ ሁሉ የምናስቀድመው ከዜሮ በታች ቀዝቅዞም ያልረጋ ውሃ የምታሳይበትን ሙከራ ነው። ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም፤ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። 1 ኪሎ የተፈጨ በረዶ ባልዲ ውስጥ አድርጋ 100 ግራም ጨውና ጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ትጨምርና ታማስላለች። ከዚያ ቴርሞሜትሩ ከ−6 እስከ −8 እስኪያሳይ ድረስ ጨው በማንኪያ እያከለች ትሄዳለች። ብዙዎች የሚያበላሹት እዚህ ላይ ነው፦ ሦስት እጅ በረዶ ለአንድ እጅ ጨው ከተደረገ ቅዝቃዜው ወደ −20 ይጠጋል፤ በሙከራ ቱቦው ያለው ውሃም ሳይታይ ይረጋል። ከ−10 የሚጀምረው የላብራቶሪ ቴርሞሜትርም ያን ጊዜ ምንም አያነብም።

ባልዲው ውስጥ በሚቆመው የሙከራ ቱቦ የሚገባው 5 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ነው። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይበቃል፤ አጠገቡ የሚቀመጠውን አሲድ እንዳታነሡ ግን ጠርሙሱን ደጋግማችሁ አንብቡ። የቧንቧ ውሃ ደቃቅ ብናኝ ስላለው ቶሎ ይረጋል። ቴርሞሜትሩ ባልዲው ውስጥ እንጂ ቱቦው ውስጥ አይገባም፤ እሱም ራሱ በረዶ ማስጀመሪያ ይሆናል። ሩብ ሰዓት ሳይነካ ከቆየ በኋላ የሩዝ ፍሬ የምታህል በረዶ ስትጣልበት ውሃው ባንዴ ነጭ ይሆናል። ቴርሞሜትሩ አሁን ቱቦው ውስጥ ቢገባ ወደ ዜሮ የዘለለ ሙቀት ያሳያል። ተማሪዎች ውሃው በሙሉ የረጋ ይመስላቸዋል፤ እሷ ግን ሰሌዳው ላይ ታሰላዋለች። 1 ግራም ውሃ ሲረጋ 334 ጁል ይለቃል፤ 1 ግራም ውሃን በ8 ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው 34 ጁል ያህል ነው፤ ስለዚህ ወዲያው የሚረጋው አንድ አሥረኛው ብቻ ነው። ውሃ ሲረጋ ስለሚለቀው ሙቀት (ድብቅ ሙቀት) ይህን ያህል ጥርት ያለ ትምህርት በመማሪያ መጽሐፍ አይገኝም።

ደመናን በፕላስቲክ ጠርሙስ መሥራትንም ታሳያለች፦ ባለ 2 ሊትር ጠርሙስ፣ ጥቂት ለብ ያለ ውሃ፣ የክብሪት ጭስ፣ መጭመቅና መልቀቅ። ጭሱ ከቀረ ደመናው እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም።

የመረጃ ትንተናው ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል እንጂ ከዚያ በታች ላሉት ይከብዳል። የምትጠቀመው ናሳ ኢምፓክትስ በተባለው የበረዶ ማዕበል ጥናት ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ2020፣ በ2022 እና በ2023 የሰበሰበውን ለሁሉም ክፍት የሆነ መረጃ ነው። ፒ-3 አውሮፕላን ደመናው ውስጥ ገብቶ ቅንጣቶቹን ፎቶ ያነሣል፤ ኢአር-2 ደግሞ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ በራዳር ቁልቁል ያያል። እዚህ ላይ ጥንቃቄዋን እናደንቃለን። የበረዶ ክሪስታል አውሮፕላኑ ላይ ካለው መለኪያ ጫፍ ጋር ሲጋጭ ተሰባብሮ በደመናው ያልነበሩ ትንንሽ ቅንጣቶች ይፈጥራል። እነዚህ ስብርባሪዎች ተከታትለው በጣም በአጭር ጊዜ ልዩነት ስለሚደርሱ በዚያ ተለይተው ይወገዳሉ። ነገር ግን ከ−3 እስከ −8 ባለው ሙቀት፣ ሃሌትና ሞሶፕ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 እንዳሳዩት፣ በረዶ ጠብታ እየለጠፈ ሲያድግ ደመናው ራሱ ስንጥርጣሪ ያበዛል። ሁለቱን ያልለየ ሰው የመሣሪያውን ስሕተት እንደ ግኝት ይጽፋል። በራዳሩ ላይም ዜሮ ዲግሪ አካባቢ የሚደምቀው መስመር ከባድ ዝናብ እንዳልሆነ ታስረዳለች፤ የሚቀልጥ በረዶ ላዩ ውሃ ሲለብስ ሞገዱን በብርቱ ስለሚመልስ ነው።

ለምታስተናግዷት፦ የአንድ ቀን ሥልጠና ለ30 ተማሪ ይመቻል። በረዶውን ቀድማችሁ አዘጋጁ፣ በጆንያ ጠቅልላችሁም አቆዩ። ለመረጃው ክፍል ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ያስፈልጋሉ፤ ፋይሎቹን እሷው በፍላሽ ታመጣለች፣ ኢንተርኔት አይጠበቅም። ክፍያ አትጠይቅም፤ የትራንስፖርትና የዕቃ ወጪዋን መሸፈን ግን የእናንተ ድርሻ ይሁን። ሊያገኛት የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልን፤ ፈቃዷን ጠይቀን እናገናኛለን።